በስቴፕለር የተጀመረ ካምፓኒ

ዛሬ የእህቴ ልጅ ፖኪሞን ሲጫወት አጠገቡ ተቀምጬ ዋልኩ። «ይሄን ማን ሠራው?» አለኝ። «ጌም ፍሪክ የሚባል ካምፓኒ» አልኩት። ከዚያ ማን ያቁመኝ!

ሳቶሺ ታጂሪ የሚባል የቶኪዮ ልጅ እ.ኤ.አ. በ1983 ስለ ጌም በእጁ እየጻፈ፣ ወረቀቱን በስቴፕለር እየመታ መጽሔት ብሎ ይሸጥ ነበር። መጽሔቷን አይቶ የመጣው ኬን ሱጊሞሪ ሥዕሉን ያዘ። በ1989 ጌም ፍሪክ የተባለው ካምፓኒ ሆኑ። ፖኪሞን ግን ስድስት ዓመት ገደማ ፈጅቶባቸው በ1996 ወጣ። (እኔ ስድስት ቀን አልታገስም።)

ታጂሪ በልጅነቱ ነፍሳት ማሳደድ ነበር ሥራው። ሁለት ጌም ቦይ (በእጅ የሚያዝ የጌም መጫወቻ) በገመድ ተያይዘው ሲያይ፣ ነፍሳት በገመዱ ላይ ሲሻገሩ ታየው። የመጀመሪያዎቹ ፖኪሞኖች፣ በጌሙ ውስጥ እየተያዙ የሚሰበሰቡት ፍጡራን፣ 151 ናቸው።

ልጁ ይህን ሰምቶ ውልቅ ብሎ ወጣ። ጢንዚዛ በክብሪት ቀፎ ይዞ ተመለሰ።

«ይኸው 152ኛው!»