ሙሉ ጨረቃ ላይ ልጅ ይዛችሁ አትውጡ

ልጆቼ ዛሬ ኦሪዮን የሚባለውን የኮከቦች ስብስብ ሰማይ ላይ ያለ ማንም እርዳታ ያገኙታል። ቴሌስኮፕ አልገዛንም፣ ኮርስም አልወሰድንም። ግን ገና ከጅምሩ አንድ ምሽት ኮከብ ማየትን እስከ ወዲያኛው ሊያስጠላቸው ነበር። ያኔ የሚነግረኝ ሰው ስላጣሁ ነው ይህን የምጽፈው።

ቀላሉን ቶሎ ልጨርሰው። በኦሪዮን ጀምሩ። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት አመሻሽ ላይ ይታያል። በአንድ መስመር የተደረደሩ ሦስት ኮከቦች ፈልጉ፤ የኦሪዮን መቀነት የሚባለው እሱ ነው። መስመሩን በአንድ በኩል ስትከተሉት ሲሪየስ ላይ ያደርሳችኋል፤ በሌሊት ከሚታዩት ኮከቦች ሁሉ ደማቁ ነው። በሌላው በኩል ቀላ ያለው ኮከብ አልደባራን አለ፤ አለፍ ሲል ደግሞ ተጠጋግተው የተሰበሰቡት ኮከቦች፣ ፕሌያዲስ። በቃ፣ ለመጀመሪያው ምሽት ይበቃል።

አሁን ወደዚያ ምሽት። አንድ ተቋም ለቤተሰብ የኮከብ ምልከታ አዘጋጀ። ማስታወቂያው «ልዩ የሙሉ ጨረቃ ምሽት» ይላል። ልጆቹ ቀኑ እስኪደርስ እንቅልፍ አጡ።

ስንደርስ መጀመሪያ ንግግር፣ ያውም በስላይድ። ህብረ ከዋክብት 88 ናቸው፣ ዝርዝሩን ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት በ1922 እ.ኤ.አ. አጸደቀው፣ ወዘተ። እውነት ነው፤ ግን ለስድስት ዓመት ልጅ ምን ይሠራለታል? ከዚያ ወጣን። የግቢው መብራት ቦግ ብሎ በርቷል። «ይጥፋልን» ስንል «ለጥበቃ ነው፣ አይጠፋም» ተባልን። ቢጠፋም ለውጥ የለውም፤ ደብዘዝ ያሉትን ኮከቦች ጨረቃዋ ውጣቸዋለች።

ቀጥሎ ሰልፍ። ቴሌስኮፑ የተተከለው ለአዋቂ ቁመት ነው። ትንሹ ልጄ ተንጠራራና እንዳይወድቅ ቱቦውን ያዘ። ቱቦው ተንቀሳቀሰ። ቴሌስኮፑ ጋ የቆመው ሰውዬ «አትንካ!» ብሎ ጮኸበት። ልጁ ደንግጦ ዓይኑን አስጠጋና «አየሁ» አለ። «ጥሩ፣ ቀጣይ!»

ወደ ቤት ስንመለስ ምን እንዳየ ጠየቅኩት።

«ጥቁር።»

«ታዲያ ለምን አየሁ አልክ?»

«እንዳይቆጣኝ።»

አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ይባስ ብሎ ሙሉ ጨረቃ ለቴሌስኮፕ እንኳ አትሆንም። ፀሐይ ፊት ለፊት ስለምታበራት ጥላ የላትም፤ ጠፍጣፋ ነጭ ሳህን ትመስላለች፣ ዓይንም ትወጋለች። ጉድጓዶቿና ተራሮቿ ጎልተው የሚታዩት ግማሽ ስትሆን ነው፣ ብርሃኑና ጨለማው በሚገናኙበት መስመር ላይ። ይህንን ለአዘጋጁ ብነግረው «ሙሉ ጨረቃ ሰው ይስባል» አለኝ። ዘንድሮም ማስታወቂያቸው ደርሶኛል። ቀኑን አየሁት፤ ያው ሙሉ ጨረቃ።

ከዚያ ወዲህ በራሳችን መንገድ ነው የምንሄደው። መመሪያዎች «ዓይን ጨለማ እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ጠብቁ» ይላሉ። ለደብዛዛ ነገር ልክ ነው። ልጅን ግን ጨለማ ውስጥ ያን ያህል ዝም ብለህ ጠብቅ ማለት ዘበት ነው። እኛ በደማቆቹ ወዲያው እንጀምራለን፤ ዓይናችን እየለመደ ሲሄድ ደብዛዞቹ ራሳቸው ይመጣሉ። ባትሪው ላይ ቀይ ላስቲክ እናስራለን፤ ቀይ ብርሃን የለመደውን ዓይን ብዙም አያበላሽም። የስልክ አፕሊኬሽን ይረዳል የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም፤ ልጁ ሰማዩን ትቶ ስልኩ ላይ ይተከላል። ከፈለጋችሁ ከመውጣታችሁ በፊት እናንተ እዩትና ኪሳችሁ ክተቱት።

ቴሌስኮፕ ለመግዛትም አትቸኩሉ። 7 ወይም 8 ጊዜ የሚያጎላ ቀለል ያለ ባይኖኩላር ይበልጣል። ከዚያ በላይ የሚያጎላው በልጅ እጅ ይንቀጠቀጣል። ምንጣፍ ላይ በጀርባቸው አስተኟቸውና ፕሌያዲስን ያሳዩዋችሁ። በባዶ ዓይን ስድስት ሰባት የነበሩት በባይኖኩላር በብዙ እጥፍ ይጨምራሉ።

«አየህ?» ብላችሁ ግን አትጠይቁ። ልጅ ሁሌም «አዎ» ነው የሚለው። ከኦሪዮን ደማቅ ኮከቦች ቀዩ የቱ ነው በሉት። ያየ ልጅ ቤቴልጌዝን ይጠቁማል፤ ነጭ ሰማያዊ የሆነውን ራይጀልን ከጠቆመ ገና አላየም፣ ታገሱት።

ቀን ስትመርጡ ከሙሉ ጨረቃ በኋላ አንድ ሳምንት ያህል አሳልፉ። ያኔ ጨረቃ የምትወጣው እኩለ ሌሊት ገደማ ስለሆነ፣ ልጆቹ እስኪተኙ ድረስ ሰማዩ ጨለማ ነው።