ኤክስ.ፒ እና 98 ከአዲስ ላፕቶፕ ጋር በአንድ ፎልደር፦ እስካሁን የደረስኩበት

አሮጌ ኮምፒዩተሮችን ከዘመኑ ኔትወርክ ጋር የማገናኘቱ ነገር የት ደረሰ ላላችሁኝ፣ ይኸው። ዊንዶውስ ኤክስ.ፒው ሙሉ በሙሉ ሠርቷል። ዊንዶውስ 98ቱ ያነባል እንጂ አይጽፍም፤ እሱም ሆን ተብሎ ነው። ዶሱ ገና ነው።

ኤክስ.ፒው የእኔ አይደለም። ጅማ ሄርማታ መርካቶ አካባቢ ስቲከርና ታፔላ የሚሠሩ አንድ ጋሼ ሱቅ ውስጥ ያለ ፔንቲየም 4 ነው። ከጀርባው በሲሪያል ገመድ የስቲከር መቁረጫ ፕሎተር ተሰክቶበታል። የፕሎተሩ ሶፍትዌር ከኤክስ.ፒ ወዲህ በመጡት ዊንዶውሶች ላይ አልነሳም ብሏል፤ ማሽኑ ግን ዛሬም እንደ ጉድ ይቆርጣል። ስለዚህ «አዲስ ይግዙ» የምትሉ ምክራችሁን ያዙት።

ዲዛይኑ የሚሠራው በአዲሱ ላፕቶፕ ላይ፣ በኮረል ድሮው ነው። ወደ ኤክስ.ፒው የሚሻገረው ደግሞ በፍላሽ ነበር። ፍላሹ ከደንበኛ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ከፎቶ ኮፒ ቤት ወደ ሱቅ ሲዞር ይውላል፤ የሰፈሩን ሾርትከት ቫይረስ ሁሉ ሰብስቦ ይመጣል። ጋሼ በመጨረሻ ተማረሩና «ልጄ፣ ይኼን ፍላሽ የሚሉትን ነገር ከቤቴ አውጣልኝ፤ ሌላውን አንተ ታውቃለህ» አሉኝ።

የሚሻገረው ፋይል ቀላል ነው። የፕሎተር ፋይል በኖትፓድ ከፍታችሁ ብታዩት ተራ ጽሑፍ ነው፦ «ፒ.ዩ» ማለት ቢላውን አንሳ፣ «ፒ.ዲ» ማለት አውርድና ቁረጥ፣ ከዚያ የቦታው ቁጥሮች። ትልቅ ታፔላ በጥቂት ኪሎባይት ያልቃል። በ100 ሜጋቢት የሚሠራ የድሮ ሪልቴክ ካርድ ለዚህ ከበቂ በላይ ነው።

የሚያስቸግረው መግባባቱ ነው። ዊንዶውስ ፎልደር የሚጋራበት ፕሮቶኮል ኤስ.ኤም.ቢ ይባላል። ኤክስ.ፒም 98ም የሚያውቁት ኤስ.ኤም.ቢ 1ን ብቻ ነው፤ ሁለተኛው የመጣው ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው ፋይል እየቆለፈ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ዓለምን ያመሰው በዚሁ በኤስ.ኤም.ቢ 1 ቀዳዳ ገብቶ ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው ዊንዶውስ 10 እትም 1709 የኤስ.ኤም.ቢ 1 ሰርቨርን ሳይጭን መጣ፤ ሊኑክስ ከዊንዶውስ ጋር ፎልደር የሚጋራበት ፕሮግራም ሳምባም በ2019 በወጣው 4.11 ላይ፣ ራሳችሁ ካልከፈታችሁት በቀር፣ ዘጋው። እናም ኤክስ.ፒው ላይ የአዲሱን ላፕቶፕ አድራሻ ስትጽፉ «የተጠቀሰው የኔትወርክ ስም ከእንግዲህ የለም» የሚል መልስ ቢመጣባችሁ ገመድ አትነቃቅሉ። ገመዱ ደህና ነው።

ብዙ ሰው የሚመክረው አዲሱ ላፕቶፕ ላይ ኮንትሮል ፓናል ገብቶ ኤስ.ኤም.ቢ 1ን ማብራት ነው። ይሠራል፤ እኔ ግን አልወደውም። ኢሜይል የሚከፈትበትን፣ የደንበኛ ፋይል ያለበትን ማሽን ለአንድ ፕሎተር ሲሉ ወደ 2001 መመለስ ነው። የማይነጋገሩ ሰዎች መሃል ሽማግሌ እንደሚገባው፣ እኔም ሁለቱንም የሚያናግር ሦስተኛ ማሽን መሃል አስገባሁ።

ሽማግሌው ስክሪኑ የተሰበረ ኮር ቱ ዱኦ ላፕቶፕ ነው፤ ዴቢያን ሊኑክስ ጫንኩበት። የተመረጠው ዋይፋይም የገመድ ፖርትም ስላለው ነው። ዋይፋዩ ከሱቁ ራውተር ጋር ይገናኛል፤ ገመዱ ወደ አንዲት ትንሽ ስዊች ይሄዳል፤ ስዊቿ ላይ የሚሰኩት አሮጌዎቹ ብቻ ናቸው። ሊኑክስ ካላዘዛችሁት በቀር ከአንዱ ካርድ ወደ ሌላው ትራፊክ አያሳልፍም። ስለዚህ ኤክስ.ፒው ኢንተርኔት የሚባል ነገር አያይም፤ ኢንተርኔቱም እሱን አያየውም። በገመዱ በኩል ሊኑክሱን 192.168.50.1፣ ኤክስ.ፒውን 192.168.50.10 አልኳቸው፤ ጌትዌይ (ወደ ሌላ ኔትወርክ መውጫው) የሚለውን ባዶ ተውኩት።

ሳምባ ላይ የነካሁት ጥቂት ነው። «ሰርቨር ሚን ፕሮቶኮል» የሚለውን «ኤን.ቲ.1» አደረግኩት፤ ሳምባ ኤስ.ኤም.ቢ 1ን የሚጠራው እንደዚያ ነው። «ኢንተርፌስስ» የሚለው ላይ የገመዱን ካርድና ሉፕባኩን (ማሽኑ ከራሱ ጋር የሚነጋገርበትን) ብቻ ጽፌ «ባይንድ ኢንተርፌስስ ኦንሊ»ን «የስ» አልኩ። በዋይፋይ በኩል ለሚያንኳኳ ሰው ሳምባ የሚባል ነገር እዚያ ቤት የለም።

አሁን ፓስወርድ፤ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ነው። ፓስወርዱ ትክክል ሆኖ ሳለ ኤክስ.ፒው ደጋግሞ ይጠይቃል። ምክንያቱ ኤክስ.ፒ እንደተጫነ ሲተው የሚልከው ኤን.ቲ.ኤል.ኤም የሚባለውን የፓስወርድ ማረጋገጫ የድሮ መልስ ነው፤ ሳምባ ከ4.5 ወዲህ የሚቀበለው ደግሞ ቨርሽን 2ን ብቻ ነው። ኢንተርኔት ላይ ያሉት ምክሮች ሳምባውን አላላው ይላሉ። ተዉት፣ ኤክስ.ፒውን አጥብቁት። ሬጅስትሪ (ዊንዶውስ ቅንብሮቹን የሚያስቀምጥበት) ውስጥ «ኤል.ኤስ.ኤ» የሚለው ቁልፍ ሥር «ኤል.ኤም. ኮምፓቲቢሊቲ ሌቭል» የሚባለውን ዋጋ 3 አድርጋችሁ ሪስታርት ብቻ ነው። በዚያው እግራችሁ ማይክሮሶፍት በዋናክራይ ጊዜ ለኤክስ.ፒ ጭምር ያወጣውን ማስተካከያ ጫኑበት፤ ድጋፉ በ2014 ካበቃ በኋላ የወጣ ስለሆነ ብዙ ማሽን ላይ የለም።

ከአዲሱ ላፕቶፕ በኩል ሁለት መንገድ ሞከርኩ። አንደኛው ሊኑክሱ የላፕቶፑን ፎልደር በኤስ.ኤም.ቢ 3 ከፍቶ ለኤክስ.ፒው መልሶ እንዲያጋራ ነው። ያምራል፤ ግን ላፕቶፑ በተዘጋ ቁጥር ኤክስ.ፒው ፎልደሩን ሲከፍት ድርቅ ይላል። ዲዛይነሩ ልጅ ደግሞ ላፕቶፑን ማታ ማታ ወደ ቤቱ ይወስዳል። ስለዚህ ፎልደሩን ሊኑክሱ ላይ አስቀምጬ ከላፕቶፑ ጋር ሲንክቲንግ በሚባል ፋይል አመሳሳይ ፕሮግራም አገናኘሁት። ሁለቱም ጋ ሙሉ ቅጂ አለ፤ ሲገናኙ ራሳቸው ይመሳሰላሉ። የጅማን ክረምት የምታውቁ ለምን እንደወደድኩት ይገባችኋል፦ ነጎድጓዱ ሲጀምር መብራት ይሄዳል፤ ራውተሩ ቢጠፋም ላፕቶፑ በባትሪ ሥራውን ይቀጥላል።

መብራት ካነሳን አይቀር፣ የማዘርቦርዱን ባትሪ እዩት። የጋሼ ኤክስ.ፒ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ቀኑን ወደ 2002 ይመልሰው ስለነበር፣ እዚያ ሴቭ የተደረገ ፋይል የዚያን ዘመን ቀን ይዞ ይመጣል። ሲንክቲንግ ደግሞ ሁለት ቅጂ ሲጋጭበት የሚያስቀድመው በቀን አዲስ የሆነውን ነው። ክቡ ሲ.አር 2032 ባትሪ ችግሩን ይፈታዋል።

98ቱ የራሴ ነው፤ ቤት ያለ፣ ለጨዋታና ለፍቅር። እሱን ቨርሽን 2 ከማስተማር በእንግድነት አስገባሁት፦ «ማፕ ቱ ጌስት»ን «ባድ ዩዘር» ብዬ አንድ ለማንበብ ብቻ የሚሆን ፎልደር ሰጠሁት። ሲነሳ የሚመጣውን የፓስወርድ ሳጥን ሁላችንም በኤስኬፕ ነበር የምናልፈው አይደል? ኤስኬፕ ካላችሁ ዴስክቶፑ ይመጣል፣ ኔትወርኩ ግን አይመጣም። ስም ጽፋችሁ ኦኬ በሉ። የሼሩ ስም ከ12 ፊደል ከበለጠ 98 አያየውም፤ ስሙም በላቲን ፊደል ይሁን። ፋይል ስም ላይም እንደዚያው ነው። 98 የፋይል ስም የሚለዋወጠው 256 ምልክት ብቻ በሚይዝ የዶስ ሰንጠረዥ ነው፤ ፊደላችን ደግሞ ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት የጋራ ሰንጠረዥ) ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ኤክስ.ፒ በአማርኛ የተሰየመውን ፋይል ፎንት ቢያጣ እንኳ በባዶ ሳጥኖች አሳይቶ ይከፍተዋል። ለ98 ግን ከመላካችሁ በፊት ስሙን በላቲን ቀይሩት።

የቀረው ዶስ ያለበት 486 ኮምፒዩተሬ ነው። የማይክሮሶፍት የዶስ ኔትወርክ ክላየንት ከኤን.ቲ.1ም ወደ ታች፣ ይበልጥ ወደ አረጀው ላንማን ድረስ ያስወርዳል፤ ከዶስ 640 ኪሎባይት ሜሞሪ ላይም ይቆርሳል። ስለዚህ ለእሱ ኤስ.ኤም.ቢን ትቼ ኤም.ቲ.ሲ.ፒ በሚባለው ፕሮግራም በኤፍ.ቲ.ፒ (በቀላሉ የፋይል መላላኪያ መንገድ) ላደርገው ነው፤ ሊኑክሱ ላይ በገመዱ በኩል ብቻ የሚሰማ የኤፍ.ቲ.ፒ ሰርቨር አዘጋጅቻለሁ። የጎደለኝ የአይ.ኤስ.ኤ ኔትወርክ ካርድ ነው፤ ኤን.ኢ.2000 የሚመስል ማንኛውም ይሆነኛል። ጅማም ሆነ አጋሮ፣ ሣጥን ውስጥ የተረሳ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ መጥቼ እወስዳለሁ፣ ቡናው በእኔ ነው።