ከዝኔ ነው

ዛሬ እዚህ አሜሪካ የልጄን የትምህርት ቤት ቅጽ ስሞላ፣ እኛ ካልደረስን ሊወስዳት ከሚችል ሰው ሥር የአጎቴን ልጅ ሚስት ስም ጻፍኩ። ዝምድና በሚለው ሳጥን ውስጥ እንደ ልማዴ በእንግሊዝኛው «ከዝን» ብዬ አለፍኩ። ማንም ምንም አላለኝም። የአገሬ ሰው ቢሆን «በምን? በእናት ነው በአባት?» ሳይል አይለቀኝም ነበር።

ከዝን ወንድ ይሁን ሴት፣ የአጎት ልጅ ይሁን የአክስት፣ ቃሉ አይናገርም። ድሮማ ከዚህም ይሰፋ ነበር፤ የእንግሊዝ ነገሥታት በደብዳቤያቸው ላይ ሥጋቸው ያልሆነውን መኳንንት ሳይቀር «ከዝን» ይሉት ነበር። ፈረንጅ ልቁጠር ካለ ግን ይቆጥራል። የወንድማማችና የእህትማማች ልጆች ፈርስት ከዝን ናቸው፣ የእነሱ ልጆች ደግሞ እርስ በርሳቸው ሴከንድ ከዝን። አንዱ ከሌላው በአንድ ትውልድ ዝቅ ካለ «ዋንስ ሪሙቭድ»፣ አንድ ትውልድ የራቀ፣ የሚባል ጣጣ ይመጣል።

ይኼ ነገር የገባኝ በቤተ መንግሥቱ ዘር ቆጠራ ነው። የምኒልክ አባት ኃይለ መለኮትና የራስ መኮንን እናት ተናኘወርቅ ሁለቱም የሣህለ ሥላሴ ልጆች ናቸው። ስለዚህ ምኒልክና መኮንን ፈርስት፣ ልጆቻቸው ዘውዲቱና ተፈሪ ሴከንድ ከዝን ናቸው ማለት ነው። ልጅ ኢያሱ የምኒልክ የልጅ ልጅ በመሆኑ ከተፈሪ አንድ ትውልድ ዝቅ ይላል፤ ለተፈሪ ሴከንድ ከዝን ዋንስ ሪሙቭድ ሆነ። ሪሙቭድ «የተነሣ» ማለትም ነውና፣ በ1909 ዓ.ም. በመስቀል ዕለት ከዙፋኑ መነሣቱ ትዝ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅሁ። የታሪክ አስተማሪዬ ይቅር ይበሉኝ።

አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ቃሉ ሌላ ሙያ አለው። ካፌ ከወንድ ጋር የታየች ልጅ «ከዝኔ ነው» ትላለች፣ ሰሚውም እያወቀ ያልፋታል። ሰባት ቤት ቆጥሮ በሚጋባ አገር ከዚህ የተሻለ መሸሸጊያ የት ይገኛል? እንግሊዝ አገር ቢሆን አያዋጣትም፤ እዚያ ከዝን ማግባት በሕግ የተፈቀደ ነው። ዳርዊን ራሱ በ1839 ያገባው የአጎቱን ልጅ ነው።

እኔን ቃሉ ያስከፈለኝ ባለፈው ዓመት ነው። የአክስቴ ልጅ ያደገው ደሴ ከተማ፣ እኛ ቤት ነው። አክስቴ ስትሞት እማዬ አምጥታ ከእኛ ጋር ቀላቀለችው። ለበዓል የዶሮ ወጡ እንቁላል ለልጆች አልበቃ ሲል በክር ለሁለት የሚከፍለው እሱ ነበር፤ ክሩን በጥርሱ ይዞ፣ አስኳሉ ሳይፈረፍር፣ ግማሹ ከግማሹ ሳይበልጥ። ያረፈ ጊዜ ጎረቤቶቼ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገና ሳይነጋ መጥተው አረዱኝ።

ለኃላፊዬ ደወልኩላት። ደግ ሴት ናት፣ ከልቧ አዘነችልኝ። ቀጥላ «ምንሽ ነበር?» አለችኝ። «ከዝኔ» አልኳት። በመሥሪያ ቤቱ መመሪያ የሐዘን ፈቃድ የሚሰጠው ለወላጅ፣ ለልጅ፣ ለትዳር ጓደኛ፣ ለወንድምና ለእህት ነው። ከዝን የለበትም። ከዓመት ፈቃዴ ቆርጬ ተቀመጥኩ።

የአሜሪካ ሕግም ከዚህ ብዙ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የቤተሰብ ፈቃድ ሕግ በሽተኛ ለማስታመም ያለ ደመወዝ እስከ 12 ሳምንት የሚፈቅደው ለልጅ፣ ለወላጅና ለትዳር ጓደኛ ነው፤ የእናት ልጅ ወንድም እንኳ አልተጻፈበትም። ኢሚግሬሽን ላይ ደግሞ ዜጋ ለወንድሙ ማመልከት ይችላል፤ ወረፋው ከአሥር ዓመት ቢያልፍም ወረፋ አለ። ለከዝን ወረፋም የለም። እሱን ላመጣው ስመኝ የኖርኩትም እዚች ላይ ቆሞ ነው የቀረው።

እማዬ በስልክ «ወንድሜ ነው አትያቸውም ነበር?» አለችኝ።

«ወረቀት ይጠይቁኛል እኮ እማዬ።»

«ወረቀት ምን ያውቃል! ያሳደግኩት እኔ፣ የሚመሰክረው ወረቀት?»

ምን እላታለሁ? እኔ በበኩሌ ሕጉ የሆነ ቦታ ላይ መስመር ማስመር እንዳለበት ይገባኛል። በእኛ አቆጣጠር ከሄድንማ መሥሪያ ቤቱ ዓመቱን ሙሉ ዝግ ነው። ግን አብሮ ማደግ የሚባል ነገር እንዴት አንድ ሳጥን ያጣል?

ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሰው «ምንሽ ነው?» ሲለኝ «ወንድሜ» አልኩ፣ ሁሉም «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብሎ ተቀመጠ። ከወረኢሉ የመጡ አንዲት እናት ብቻ ቡናቸውን አስቀምጠው «የአባቱ አባት ማን ይባላሉ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «የእሳቸውስ እናት?» እሱን ለእማዬ ደውዬ ጠየቅሁ። በዚህም በዚያም ብለው፣ ጣታቸውን እየቆጠሩ፣ ከሟቹ ጋር በአምስተኛው ቤት ተገናኙ። በእሱ በኩል እኔንም ዘመዳቸው አደረጉኝ። በሳምንቱ ደውለው «ዘመድ ሆነሽ እንዴት ዝም ትይኛለሽ?» ብለው ተቆጡኝ፤ ቅዳሜ ቤታቸው ሄጄ ምሳ በላሁ።