ጳጉሜን ለማያውቅ ረዳት የተጻፈ ደንብ

ለአንድ የግል ክሊኒክ የቀጠሮ መመዝገቢያ ስሠራ አብዛኛውን ኮድ የጻፍኩት ክላውድ ኮድ በተባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳት እገዛ ነበር። ሥራው ቶሎ አለቀ፤ የኮዱን ትክክለኛነት የሚፈትሹት ቴስቶችም ሁሉ አለፉ። በነሐሴ ማብቂያ ግን የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ ደውላ፣ ለጳጉሜን 3 የተቀጠሩ አንዲት እናትን መመዝገብ እንዳቃታት ነገረችኝ። ኮዱን ስከፍተው ወሩ ከ12 ከበለጠ «የተሳሳተ ቀን» ብሎ የሚመልስ አንድ መስመር አገኘሁ።

ረዳቱ የተማረበት ኮድ ከሞላ ጎደል ሁሉም ዓመትን 12 ወር አድርጎ የሚቆጥር ነው፤ እኔም በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንደምንሠራ ነገርኩት እንጂ አቆጣጠሩ እንዴት እንደሚሄድ አላስረዳሁትም። አዲስ ባልደረባ አንድ ጊዜ ከተነገረው ይይዘዋል፤ ረዳቱ ግን አዲስ ውይይት በተከፈተ ቁጥር ስለ ፕሮጀክታችን ምንም ሳያውቅ ይጀምራል። የፕሮጀክቱ መመሪያዎች የሚጻፉበት የደንብ ፋይል የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ክላውድ ኮድ ሥራ ሲጀምር በፕሮጀክቱ ዋና ፎልደር የተቀመጠውን «ክላውድ ኤምዲ» የተባለ ፋይል ያነባል፤ ከርሰርና ጊትሃብ ኮፓይለት የተባሉት ሌሎች ረዳቶችም የየራሳቸው ፋይል አላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ ብዙ ረዳቶች በጋራ የሚያነቡት «ኤጀንትስ ኤምዲ» የተባለው ፋይል እየተለመደ መጥቷል።

የመጀመሪያው ፋይሌ ከ200 መስመር በላይ ነበር። «ንጹሕ ኮድ ጻፍ»፣ «ስሕተት እንዳይኖር ተጠንቀቅ» የሚሉ ዓረፍተ ነገሮች ሞልተውት ነበር፤ እነዚህ ረዳቱ የማያውቀውን አንዳች ነገር አይነግሩትም፣ ይልቁንም በአንድ ጊዜ ሊይዘው የሚችለውን የጽሑፍ መጠን እየተሻሙ ቁም ነገሩን ይሸፍኑታል። ሁሉንም ሰረዝኳቸው። አሁን አንድ መስመር ከመጨመሬ በፊት፣ ረዳቱ ኮዱን ብቻ አንብቦ ይህን ሊደርስበት ይችል እንደሆነ ራሴን እጠይቃለሁ፤ የሚችል ከሆነ አልጽፈውም።

የጳጉሜን ደንብ አሁን እንዲህ ይነበባል፦ «ዓመቱ 13 ወር አለው። 13ኛው ወር ጳጉሜን 5 ቀን ነው፤ ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ ቀሪው 3 ሲሆን ግን 6 ቀን ይሆናል። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ትክክል ነው፤ ጳጉሜን 6 ቀን 2016 የለም።» ሁለቱን ምሳሌዎች ከጨመርኩ በኋላ በዚህ ጉዳይ የተሳሳተበትን ጊዜ አላየሁም። ከሥሩ ስለ ሰዓት ተጽፏል፤ ታካሚ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ሲል ዳታቤዙ ላይ 09:00 መቀመጥ አለበት። ስለ ፊደልም አለ፤ «ፀሐይ» ተብላ የተመዘገበች ሴት «ጸሀይ» ተብሎ ሲፈለግም መገኘት አለባት።

ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ የስም ደንብ ነው። በመጀመሪያ «የአባት ስም የቤተሰብ ስም አይደለም» ብቻ ብዬ ጽፌ ነበር። ረዳቱ የመመዝገቢያ ቅጹን አስተካከለ፤ የቀጠሮ ማስታወሻውን የስልክ መልእክት ግን አሁንም በአባት ስም «ክቡር ከበደ» ብሎ ይጀምረው ነበር። ምክንያቱን ጨምሬ፣ ሰው በአገራችን የሚጠራውም ሆነ በዝርዝር የሚደረደረው በራሱ ስም እንደሆነ ስጽፍለት፣ መልእክቱንም፣ እኔ ልብ ያላልኩትን የታካሚዎች ዝርዝር ቅደም ተከተልም አብሮ አስተካከለ። ከዚያ ወዲህ ያለ ምክንያት የተጻፈ ደንብ በፋይሉ ውስጥ አላስቀምጥም።

ይህ ሁሉ ሆኖ ደንቡ ለረዳቱ ማሳሰቢያ እንጂ ማገጃ አይደለም፤ ረጅም ውይይት ውስጥ ሊዘነጋው ይችላል። ስለዚህ ሁለቱን የጳጉሜን ቀኖች ቴስት ውስጥም አስገብቻቸዋለሁ፤ ፋይሉም ከኮዱ ጋር አብሮ ኮሚት ይደረጋል (በፕሮጀክቱ የለውጥ መዝገብ ይቀመጣል)፣ እንደ ማንኛውም ኮድም በባልደረባዬ ይታያል።

ባለፈው ሳምንት የተጨመረው መስመር የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ የነገረችኝ ነው፦ «ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ዕድሜ በወር ይጻፋል፤ የመድኃኒቱ መጠን በዚያ ስለሚታይ።»