በየስምንት ሰዓቱ

ዛሬ ሰኞ ነው። የገበያ ቀን ሲሆን ጤና ጣቢያችን በጠዋቱ ይሞላል። ከገጠር የሚመጣው ሰው ገበያውንም ሕክምናውንም በአንድ መንገድ ይጨርሳል። የጦሳ ተራራ ጉም ገና አልተገፈፈም፤ ሐሙስ ዕለት መድኃኒት የሰጠኋቸው እናት ሳላቸውን ይዘው ተመለሱ።

"እማማ፣ አልተሻለዎትም?"

"አልሀምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ።"

ወሎ ውስጥ የመጀመሪያው መልስ ለፈጣሪ ነው። ሕመሙ የሚወጣው ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ነው። ይሄን እንኳ ከለመድኩት ቆየሁ።

የነጠላቸውን ቋጠሮ ፈቱና አሞክሳሲሊኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ቆጠርኩ። ከ21 እንክብል 17ቱ አለ።

"እንዳልሽኝ ነው የዋጥኩት። በስምንት ሰዓት፣ በስምንት ሰዓት።"

እኔ ያልኩት "በየስምንት ሰዓቱ" ነበር። በቀን 3 ጊዜ ማለቴ ነው። አንዲት "የ" መንገድ ላይ ቀረች፤ እሳቸው የከሰዓቱን ስምንት ያዙ። ቤታቸው ሰዓት የለም። የጎረቤት ልጅ ስልክ እያሳየቻቸው፣ እንዳያልፍባቸው ደጅ ቁጭ ብለው ሲጠብቁ ሰነበቱ። መድኃኒት እንዲህ የሚያከብር ሰው ብዙ አላየሁም። ያፈርኩት እኔ ነኝ።

ሐሙስ ማስክ አድርጌ፣ አቀርቅሬ ካርድ እየጻፍኩ ነበር የነገርኳቸው። "ገባዎት እማማ?" "እሺ ልጄ።" በቃ። የትልቅ ሰው "እሺ" ብዙ ጊዜ "አላስቸግርሽ" ማለት ነው። ያ ሁሉ ወረፋ ከኋላ ቆሞ፣ አልሰማሁም ብሎ የሚያስደግም ማን ነው?

ባልደረባዬ "ጮክ ብለሽ ንገሪያቸው" አለችኝ። ጩኸት አያዋጣም። ሲያረጁ ጆሮ ቀድሞ የሚከዳው ቀጭኑን ድምፅ ነው፤ እነ "ስ" እና "ፍ" ይጠፋሉ። ስንጮህ ደግሞ ድምፃችን ይብስ ይቀጥናል። የሰው ገመናም ኮሪደር ላይ ይወጣል።

ሐኪሙ ደረታቸውን እንደገና አየና መድኃኒቱን ከአዲስ አዘዘ። ሳል ስለሆነ ማስኩን ማውለቅ አልችልም። ወንበሬን ስቤ በሚሻላቸው ጆሮ በኩል ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ቀስ እያልኩ ነገርኳቸው። ሰዓት የሚባል ነገር አላነሳሁም። ንጋት ላይ ሱብሂ ሲሰግዱ አንድ፣ እኩለ ቀን ላይ ዙሁር አንድ፣ ማታ ከኢሻ በኋላ አንድ። አዛኑን ደግሞ መንደሩ ሁሉ ይሰማዋል።

"ገባዎት?" ልል አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት።

"እማማ፣ እንዳልሳሳት እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ። እቤት ሲገቡ እንዴት ነው የሚወስዱት?"

ጣታቸውን እያጠፉ ሦስቱንም ቆጠሩልኝ። ከዚያ እንክብሎቹን መልሰው ቋጠሩና፣ ፈገግ እያሉ ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ።

"በይ አሁን ደግሞ አንቺ ድገሚልኝ።"