ፖም የገባበት ትምባሆ

ነገሩ የሆነው ቨርጂኒያ ውስጥ፣ የፒፓ ትምባሆ በሚዛን በሚሸጥበት አንድ ሱቅ ነው። ወሩ ጥር ነው፤ ማሞቂያው ሌት ተቀን ይሠራል። አፉ በደንብ ሳይታሰር የከረመ ባለ 5 ፓውንድ ከረጢት፣ ማለትም 2 ኪሎ ከሩብ ገደማ ትምባሆ፣ ደርቆ በጣት ሲነኩት እንደ ጭድ ይንኮሻኮሻል። አዲሱ ሠራተኛ ከአንድ ደንበኛ የሰማውን የማርጠቢያ ዘዴ ሞከረ፦ ፖም ለአራት ሰንጥቆ ከተተበትና አፉን ጥርቅም አድርጎ ማሞቂያው አጠገብ አስቀመጠው።

በዘጠነኛው ቀን ሲከፈት ላዩ ነጭ ለብሷል።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ስኳሩ ነው፤ ሲቆይ ያወጣል ይባላል» አለ ልጁ።

ነባሩ ባልደረባው፣ እሱም ሀበሻ፣ መልስ ሳይሰጥ አጉሊ መነጽር አመጣ። እውነት ነው፣ የቆየ ቅጠል ላይ ክሪስታል ይታያል፤ ግን እንደ ጨው ያብለጨልጫል፣ ፀጉር የለውም። ይሄኛው ከፖሙ ተነስቶ እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግቷል፤ ሽታውም የረጠበ ምድር ቤት ነው።

«ሻጋታ ነው። ሁሉም ይጣል።»

የተበላሸውን አንስቶ ቀሪውን መሸጥ አይሆንም፤ የሻጋታው ዘር በዓይን ከሚታየው አልፎ ይሄዳል። ፖምም ሆነ ድንች ውሃ ብቻ አይሰጥም፤ ለሻጋታው ምግብ ይዞለት ይገባል። የሚለቀውም ውሃ እኩል አይደርስም፦ አጠገቡ ያለው ሲበሰብስ ዳር ያለው እንደደረቀ ይቀራል።

በደንቡ ቢሆን ትምባሆው ሰፊ ጎድጓዳ ሳህን ላይ ይበተናል፤ በንጹሕ ውሃ ረጥቦ በደንብ የተጨመቀ ፎጣ ሳህኑ አፍ ላይ ይወጠራል፣ ቅጠሉን ሳይነካ። በየ 2 ሰዓቱ ገልጦ ማገላበጥ ነው። ቆንጠር አድርገው ሲጨምቁት ተጣብቆ ከቀረ በዝቶበታል፣ ከተሰባበረ ይቀረዋል፣ ቀስ ብሎ ከተፍታታ ደርሷል፤ እርጥበቱ ከ12 እስከ 14 በመቶ አካባቢ ማለት ነው። ከዚያ በፈላ ውሃ ታጥቦ ፍጹም በደረቀ የብርጭቆ ዕቃ ውስጥ (ግማሽ ሊትሩ 110 ግራም ገደማ ይይዛል) ገብቶ፣ የታሸገበት ቀን ተጽፎበት ጨለማና ቀዝቀዝ ያለ ቁም ሳጥን ይገባል። ፍሪጅ አይደለም።

በሚዛን የሚገዛም ያንኑ ቁንጠራ ሱቁ ውስጥ ቢሞክር ይበጀዋል። እርጥበቱ 20 በመቶ የሆነ 100 ግራም ትምባሆ 13 በመቶ ከሆነው ይልቅ 7 ግራም ትርፍ ውሃ አለበት፤ ዋጋው ግን የትምባሆ ነው።

ልጁን አንድ ነገር ከንክኖታል፤ ጎን ለጎን የነበረው ባለ ቼሪ ሽታ ትምባሆ ለምን አልደረቀም? ፕሮፒሊን ግላይኮል የሚባል ፈሳሽ ተጨምሮበት ነው፤ እርጥበት ይዞ አይለቅም። እሱ የተቀመጠበት ዕቃ ግን ለሌላ ትምባሆ አይሆንም፤ የክዳኑ ጎማ ስንት ጊዜ ቢታጠብ ቼሪ ቼሪ ይላል።