የእናቴ ሁለት ማንኪያ፣ የእህቴ አድቪል

የጨጓራ ቀዶ ጥገና ካደረግሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ፣ ሱቄ ጋቢ ሊገዛ የገባው ሰው ሳይቀር፣ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስንት ኪሎ እንደቀነስሁ ነው። እነግራቸዋለሁ፤ 128 ነበርሁ፣ ዛሬ 83 ነኝ። ስለ ሕመም ማስታገሻ ግን እስካሁን አንድም ሰው ጠይቆኝ አያውቅም። እኔን ደግሞ በሰባተኛው ወር መልሶ አልጋ ላይ የጣለኝ እሱ ነው።

የተሠራልኝ ባይፓስ የሚሉት ነው። ከጨጓራዬ አናት ላይ እንቁላል የምታህል ከረጢት ትተው ከትንሹ አንጀት ጋር ሰፉልኝ። የቀረው ጨጓራ እዚያው ሆዴ ውስጥ አለ፣ ምግብ ግን አያልፍበትም። ይህን ያነሳሁት ኋላ የምነግራችሁ ነገር ሁሉ የሚዞረው በዚያች በተሰፋችው ቦታ ላይ ስለሆነ ነው።

አዲስ አበባ ተሠርቼ በአራተኛው ቀን ወደ ቤት ስመለስ ሆዴ ላይ አምስት ትንንሽ ቀዳዳዎች ነበሩ። የገረመኝ ግን ከሆዴ ይልቅ ቀኝ ትከሻዬ ማመሙ ነው። ሐኪሙ ቀድሞ ነግሮኝ ነበር፤ በቀዶ ጥገናው ጊዜ ሆድ ውስጥ የሚነፉት ጋዝ ድያፍራምን (ደረትንና ሆድን የሚለየውን ጡንቻ) ስለሚያስቆጣው ሕመሙ ወደ ትከሻ ይወጣል። ለሱ የረዳኝ ከመድኃኒቱም በላይ መራመድ ነው። ጋቢዬን ተከናንቤ ግቢውን በዝግታ እዞረው ነበር።

ክኒን እንዳለ መዋጥ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስለተከለከልሁ ፓራሲታሞሉን እናቴ ትፈጭልኝ ነበር። የመጀመሪያ ቀን የቡና ሙቀጫ ውስጥ ወቀጠችው፤ ውሃው ቡና ቡና ሸተተኝና አስመለሰኝ። ከዚያ ወዲያ ሁለት ማንኪያ ያዘች። ክኒኑን አንዱ ማንኪያ ላይ ታስቀምጥና ሌላውን ከላይ ደፍታ በአውራ ጣቷ ትጫነዋለች፤ ቀጭ ሲል ይሰማኛል። ከዚያ ዱቄቱን በጥፍሯ ጫፍ አንድም ሳታስቀር ወደ ስኒው ትጠርገዋለች። ለብ ያለ ውሃ ትጨምርበታለች፣ እኔም ጉንጭ በጉንጭ እጠጣዋለሁ። መራራ ነው።

ለአዋቂ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ የፓራሲታሞል ጣሪያው 4 ግራም ነው፤ ባለ 500 ሚሊ ግራሙ 8 ፍሬ ማለት ነው። እኔ ያኔ ከሾርባና ከአጥሚት ሌላ ምንም ስለማልቀምስ ሐኪሙ ከ6 ፍሬ እንዳላልፍ አስጠነቀቀኝ፤ ሲበዛ ጉበት ይጎዳል። እናቴ ማንበብ ስለማትችል ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ካሌንደር ጀርባ ላይ በከሰል መስመር ታሰምር ነበር፤ ጠዋት 12 ሰዓት አንድ፣ ቀን 8 ሰዓት አንድ፣ ማታ 4 ሰዓት አንድ። አንድ ቀን ጉንፋን ይዞኝ ወንድሜ የጉንፋን መድኃኒት ገዝቶ መጣ። ማሸጊያውን ሳነብ እሱም ውስጥ ፓራሲታሞል አለ። ሁለቱን ደርቤ ብወስድ የእናቴ መስመር ምንም አያድነኝም ነበር።

ትራማዶልም ታዞልኝ ነበር፣ ሕመሙ ሲጠና ብቻ የሚወሰድ፣ ለአምስት ቀን። እኔ በሦስተኛው ቀን አቆምሁት። ያዞረኛል፣ ያቅለሸልሸኛል፣ ሆዴንም አደረቀው። ከሱ ጋር መኪና መንዳት አይሞከርም። ለመንፈስ ጭንቀት መድኃኒት የሚወስድ ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ደግሞ ትራማዶል ከመውሰዱ በፊት ለሐኪሙ መናገር አለበት፤ እንደኔ ያላወቀ ብዙ ሰው ስላለ ነው የምጽፈው። ቀስ ብሎ የሚሟሟ ተብሎ የተሠራው ዓይነት ደግሞ በጭራሽ አይፈጭም። ሙሉ ቀን ተከፋፍሎ ሊለቀቅ የነበረው መጠን ባንድ ጊዜ ደም ውስጥ ይገባል። እናቴ ማንኪያዋን ይዛ «ይሄንንስ ልፍጨው?» ብላ ስትጠይቀኝ እስክናጣራ ድረስ እጇን ያዝሁት።

በዚያው ሳምንት ከአንኮበር አጎቴ ሊጠይቁኝ መጡ። በብርድ እንዳልመታ አስበው አንድ ጠርሙስ አረቄ ይዘዋል። «አንዲት መለኪያ ብቻ፣ የኔ ልጅ፣ ሰውነትሽን ታሞቀዋለች» አሉኝ። በፍቅር ነው ያመጡት፤ የዚህን አገር ብርድ የሚያውቅ ሰው ይረዳቸዋል። ነገር ግን ባይፓስ ለተሠራ ሰው መጠጥ በጣም ፈጥኖ ደም ውስጥ ይገባል፣ ከትራማዶል ጋር ሲገናኝ ደግሞ ትንፋሽ እስከማቆም ይደርሳል። ጋሼን እጃቸውን ስሜ ነገርኋቸው። ጠርሙሱን መልሰው ካፖርታቸው ውስጥ ከተቱት።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሕመም በየቀኑ እየቀነሰ ነው መሄድ ያለበት። ከቀነሰ በኋላ መልሶ ከባሰ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ተቀምጣችሁ ሳላችሁ ልባችሁ በደቂቃ ከ100 በላይ ከመታ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ወይም አንድ ባታችሁ ካበጠና ካመመ ማስታገሻ ጨምራችሁ አትተኙ። ስፌቱ አፍስሶ ወይም ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል፣ ክኒኑም ምልክቱን ይሸፍነዋል። የዚያኑ ሰዓት ሐኪም ጋ ነው።

አሁን ወደ ነሐሴ ልምጣ። ሰባት ወር ሞልቶኝ ነበር። ዝናብና ብርድ ሲደራረብ የድሮ የጉልበት ቁርጥማቴ ተነሳ። አሜሪካ ያለችው እህቴ የላከችው ትልቁ የአድቪል ብልቃጥ ኮመዲኖው ላይ ነበር፤ ለሰፈሩ ሁሉ የተረፈ ነው፣ ጎረቤቶቻችን እንኳ ራሳቸውን ሲያማቸው እየመጡ ሁለት ሁለት ይወስዳሉ። እኔም ጠዋት ሁለት ማታ ሁለት ዋጥሁ። ሳምንት አለፈኝ። አላስታግስ ሲለኝ ወደ አንድ ክሊኒክ ሄድሁ፤ የዲክሎፌናክ መርፌ ወጉኝ። ቀዶ ጥገና እንዳደረግሁ አልጠየቁኝም። እኔም አልተናገርሁም፤ ጉልበትና ጨጓራ ምን ያገናኛቸዋል ብዬ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከደረቴ ሥር እሳት የመሰለ ነገር ጀመረኝ። ቀጥሎ ሰገራዬ ጠቆረ። የብረት ማዕድን ክኒን ስለምወስድ ድሮም ይጠቁር ነበርና መጀመሪያ አልደነገጥሁም። ይኼኛው ግን እንደ ሬንጅ የሚጣበቅና ሽታው ሌላ ነበር። ሱቅ ውስጥ ብርድ ልብስ ላወርድ ስንጠራራ ዓይኔ ጨለመብኝ፤ መደርደሪያውን ይዤ ተቀመጥሁ። በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ) ሲያዩኝ ያቺ የተሰፋችው ቦታ ቆስላ እየደማች ነበር።

ሐኪሙ በሥዕል አስረዳኝ። አድቪል (ስሙ ኢቡፕሮፌን ነው)፣ ዲክሎፌናክ፣ ኢንዶሜታሲን፣ ናፕሮክሲን፣ አስፒሪን፣ እነዚህ ሁሉ አንድ ወገን ናቸው። ሕመም የሚያስታግሱት ሰውነት የሚያመርተውን አንድ ንጥረ ነገር በመከልከል ነው፤ ያው ንጥረ ነገር ደግሞ ጨጓራን ከራሱ አሲድ የሚጠብቅ ነው። በተሰፋችው ቦታ ላይ ያለው አንጀት ቀድሞውንም አሲድ ያልለመደ ነው፤ ጥበቃው ሲነሳበት ይቆስላል። ሥራቸውን የሚሠሩት በደም በኩል ስለሆነ በመርፌም ቢገቡ፣ ምግብ ተበልቶባቸውም ቢዋጡ ጉዳታቸው አይቀርም። እኔ ከሰማሁት ሁሉ ያንገበገበኝ ይኼ ነው፤ ማንም ሰው አንድ ጊዜ በአማርኛ ቢነግረኝ ኖሮ ያንን ብልቃጥ አልነካም ነበር። ስወጣ የተሰጠኝ ወረቀት ላይ «ኤንኤስኤአይዲ አይወሰድም» የሚል ቃል በእንግሊዝኛ ነበር፤ የነዚህ መድኃኒቶች የወል ስም ነው። አድቪል ማለት እሱ መሆኑን በምን ልወቅ?

የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል ለብዙ ወራት ወሰድሁ፣ ቶሎ እንዲሠራ ቅርፊቱን ከፍቼ። ቁስሉ ሲሽር ዳግም በኢንዶስኮፒ አረጋገጡልኝ። ጾምን በተመለከተ የነፍስ አባቴን አማክሬ በሕክምናው ጊዜ እንዳልጾም ፈቅደውልኛል።

ባይፓስ ሳይሆን ጨጓራው በቁመቱ ተቆርጦ የተሠራላችሁ ሰዎች፣ የእናንተ ሐኪም የሚላችሁ ከኔ ሊለይ ይችላል፤ ጠይቁት። ለልቡ አስፒሪን የታዘዘለት ሰውም ይህን አንብቦ በራሱ እንዳያቋርጥ፣ አደራ። እኔ ዛሬ ጉልበቴን ሲያመኝ ፓራሲታሞል በልኩ እወስዳለሁ፣ ሙቅ ውሃ በጎማ አድርጌ እይዝበታለሁ፣ የታዘዘልኝን የጉልበት እንቅስቃሴ እሠራለሁ። 45 ኪሎ መውረዱም ራሱ አግዞኛል። መንገድ ተዘግቶ አዲስ አበባ መሄድ ያልተቻለበት ጊዜ ስለነበረ የወር መድኃኒቴን ሳያልቅብኝ ቀድሜ እገዛለሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ደግሞ የቀዶ ጥገናው ስምና የማልወስዳቸው መድኃኒቶች ስም በአማርኛም በእንግሊዝኛም የተጻፈበት ወረቀት አለ። የትም ክሊኒክ ስገባ ገና ካርድ ሳላወጣ እሱን ነው የማሳየው።

ለእህቴ ሁሉንም ነገርኋት፣ ስልኩ ላይ አለቀሰች። አድቪሉን ከኮመዲኖዬ አነሳሁት።

ባለፈው ሳምንት ወገቤን ይዞኝ ተኝቼ ጎረቤታችን እትዬ ሊጠይቁኝ መጡ። ከመቀነታቸው ሁለት ክኒን ፈትተው «ይችን ዋጥ አድርጊ፣ እኔን አሽራኛለች» አሉኝ። እኔ ምንም ሳልል እናቴ ከጓዳ መጣች። ክኒኖቹን ተቀብላ መስኮቱ ጋ ሄደች፣ በብርሃኑ እያገላበጠች አየቻቸው። ከዚያ መልሳ እጃቸው ላይ አኖረችና «ስሙ ምንድን ነው፣ እትዬ? ስሙን ካላወቅን ልጄ አትውጠውም» አለቻቸው።